የሦስተኛ ፎቅ አንሶላ

ሰኞ 4፣ ምሳ ሰዓት

በሙቅ ውሃ! ከሰው ሁሉ የኔ ልጅ የደም እድፍ በሙቅ ውሃ ታጥባለች!

በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። በሥሬ ላለፉ ሴቶች ሁሉ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቴ ይኸው ነበር፤ ደም ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚፈልገው፣ ሙቅ ካገኘው ከጨርቁ ጋር አብሮ ይበስላል፣ ከዚያ በኋላ በረኪና ብታፈሺበትም አይለቅም። ዛሬ ጠዋት የልጄን አልጋ ላነጥፍ ስገባ አንሶላዋ ተገልብጦ ተነጥፏል። ገለጥ አደረግኩት። መሃሉ ላይ መዳፍ የሚያክል ቡናማ ክብ። ታጥቧል፣ ታሽቷል፣ በስሏል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ነስሮኝ ነው።"

"ነስር ከመቼ ወዲህ ነው ወገብ ድረስ የሚወርደው?"

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዝም ማለትን ግን እንደ ትልቅ ሴት ታውቅበታለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም የሠራተኛ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ሮጥኩ። ይህን የምጽፈው ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ ቆሜ ነው። ማታ ትናገራለች፣ የት ትሄዳለች።

ሰኞ ማታ

ተናገረች። አስለፈለፍኳት ማለት ይሻላል።

የመጀመሪያዋ አይደለም። ሦስተኛ ወሯ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር! "በምን ስትይዢው ነበር?" ስላት "በሶፍት" አለች። በሶፍት! እናት የሌላት ይመስል። ጨርቅ የማያውቅ ቤት የተወለደች ይመስል። ይህን ሁሉ ስላት አባቷ ከወንበሩ ተነሳና "ቧንቧው ሳያንጠባጥብ አይቀርም" ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ቧንቧው አያንጠባጥብም። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሁልጊዜ የሚጠገን ነገር አያጣም።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ጥፍሯን እያየች "እንጃ" አለች።

ማክሰኞ 5

በችኮላ። ወስኛለሁ፣ እሰፋላታለሁ። ያረጁ የሦስተኛ ፎቅ አንሶላዎች ለመወልወያ ሊቀደዱ ተቆልለዋል፤ ሠራተኛ መውሰድ ይፈቀድለታል። ጥጥነታቸው የድሮ ነው፣ በሺህ ጊዜ እጥበት ለስልሰዋል፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ አይገኝም።

ጠዋት ስነግራት "እማ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ሞዴስ ቢገዛልኝ አይሻልም?" አለችኝ በቀስታ። ላስቲክ ነው አልኳት። ሲሞቅ ያሳክካል፣ ሲራመዱ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። "እኔ እኮ…" ብላ ተወችው። እኔም ሰዓት አልነበረኝም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ሐሙስ 7

ዛሬም ከአራተኛ ፎቅ አንዷ እንግዳ አንሶላውንም ፍራሹንም አበላሽታ፣ በላዩ ብርድ ልብስ አልብሳ ሄደች። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እራት ላይ ነገርኳቸው። "እንዲህ ያለችውን እናት አላሳደገቻትም፤ እንስሳ እንኳ ራሱን ይጠብቃል" አልኩ። ልጄ ሹካዋን አስቀምጣ ተነሳች። ግማሹን ትታው። ምግብ ማስተረፍ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ እኔ እንደዚያ አላሳደግኳትም።

እሑድ 10

አሥራ ሁለቱም ጨርቅ ተሰፍቶ አለቀ። በልኳ ነው የቆረጥኩት። ሦስት እጥፍ፣ መሃሉ ፎጣ፣ በግራ በቀኝ ክንፍ፣ ክንፉ ላይ ቁልፍ። ጫፉን ከአንሶላው ጠርዝ አወጣሁት፤ የጠርዝ ጨርቅ ድርብ ስለሆነ አይላላም። ስፌቱን እኔ ራሴ ጎትቼ ሞከርኩት። የኔ ስፌት አይተረተርም።

ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ክር ትይዝልኝ ነበር። አንዱን አንስታ ገልበጥ አድርጋ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። "አመሰግናለሁ" አለች፣ ለጎረቤት እንደሚባለው።

አርብ ዕለት ስቆርጥ እትዬ አየችኝ። እትዬ ከኔ በፊት የገባች አንሶላ አጣፊ ናት፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት፣ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። አንሶላ ከፎቅ ፎቅ እንዳይቀላቀል በየጠርዙ የፎቁ ስም በቀይ ክር ይሰፋበታል። "አንቺ ልጅ፣ ምልክቱን አትፈቺውም እንዴ?" አለችኝ። "ማን ገልጦ ያየዋል!" አልኳት። እኔ ምልክቱን ካየሁት ስንት ዓመቴ። ሲፈቱት ደግሞ ጨርቁ ይበሳል።

ሁለቱን ሁልጊዜ በቦርሳዋ እንድትይዝ አዘዝኳት። በመጀመሪያው ዓመት ቀኑ አይታመንም፤ ጊዜውን ሳይጠብቅ ከተፍ ይላል። "አሁን እኮ ጊዜው አይደለም" አለችኝ። ያዢ ስልሽ ያዢ አልኳት።

ሐሙስ 14

ከትምህርት ቤት ተደወለ። ሳታስፈቅድ ከግቢ ወጥታለች። እቤት አገኘኋት፣ ተሸፋፍና ተኝታ። "ራሴን ነው ያመመኝ።" ግንባሯን ነካሁት፣ አይተኩስም። ነገ ይሻላታል።

አርብ 15

አልሄደችም። አሁን ደግሞ ሆዷ ነው።

ቅዳሜ 16

በልታለች፣ አላመማትም፣ አልጋዋን አንጥፋለች። የምታየው ግን ግድግዳውን ነው። ስጠይቃት "ምንም"፣ አባቷ ሲጠይቃት "ምንም አባዬ"። እንደ "አባዬ" ያለ ማቆላመጫ እኮ ለኔ ሲሆን የለም።

ሰኞ 18፣ ቀን

ትምህርት ቤት ሄድኩ። አሁን ሰርቪስ ውስጥ ነኝ፣ ፊደሌ ቢጣመም አይገርምም።

ምክትል ርዕሰ መምህሯ ባለ መነጽር፣ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ሴት ናት። ሐሙስ በስፖርት ሰዓት ልጄ ጫማዋን ከቦርሳ ስታወጣ አንዱ ጨርቅ አብሮ ወደቀ። ንጹሑ፣ ያልተነካው፣ እኔ ያዢ ያልኳት። አንድ ወንድ ልጅ አንስቶ ወደ ላይ ዘረጋውና በቀይ ክር የተሰፋውን ጮክ ብሎ አነበበው፦ ሦስተኛ ፎቅ። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሙሉ ልጄን "ሦስተኛ ፎቅ" ነው የሚላት። "እናቷ ከሆቴል ሰርቃ ነው" ያለም አለ።

"ልጁን ቀጥተነዋል" አለች ሴትየዋ። "ግን እርስዎም ቤት ውስጥ ተገቢውን የንጽሕና መጠበቂያ ቢያዘጋጁላት… የድርጅት ምልክት ያለበትን ጨርቅ ለልጅ መስጠት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና…"

"የሴቶቹን ሽንት ቤት ያሳዩኝ" አልኳት።

"እንዴት?"

"ያሳዩኝ! እርስዎ የቤቴን ዝግጅት ነገሩኝ፣ እኔም የእናንተን ልየው።"

አራት በር አለው። መቀርቀሪያ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ቧንቧው ደረቅ፣ ቆሻሻ መጣያ የሚባል የለም። ሦስት መቶ ሴት ልጆች! እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩ። መምህራን ከቢሮ ወጡ፣ ልጆች በመስኮት ተንጠለጠሉ። ለልጄ ሌላ ስም አወጣሁላት ማለት ነው፤ አሁን ደግሞ የጯሂዋ ልጅ ትባላለች። ይሁን። ውሃ የሌለበት ግቢ ውስጥ ስለ ተገቢ ዝግጅት ልትሰብከኝ!

ስወጣ ሴትየዋ ሸኘችኝና ያላሰብኩትን ነገር ተናገረች። "እኔንስ የገረመኝ ለምን እንደ ተቀየረ ነው። በፊት እኮ ከሱቅ የተገዛ ነበር የምትይዘው። አባቴ ገዝቶልኝ ነው ብላን ነበር።"

አባቴ። ገዝቶልኝ።

ፈተናው ሰኞ 2 ይጀምራል። እስከዚያ ካልተመለሰች ዓመቱን ትደግማለች።

ሰኞ 18፣ ማታ

አባቷ ከሚሠራበት ጋራዥ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት።

"አንተ ነህ ሞዴስ የገዛህላት?"

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። "እኔ ነኝ።"

ከሦስት ወር በፊት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ጋራዥ መጣች አለኝ። ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከአንድ ጭነት መኪና ጀርባ ቆማ አለቀሰች። ፋርማሲ ገባ። የትኛውን ሲሉት አያውቅም። ሦስት ዓይነት ነበር፣ ሦስቱንም ገዛ። ሞክራ ቀጭኑን ወደደችው።

"አንተ! ከፍሬን ሸራ በቀር መምረጥ የማታውቀው ሰውዬ!"

"እኔ መች መረጥኩ? እሷ ናት የመረጠችው።"

"እና ሦስት ወር ሙሉ እኔ እንደ እንግዳ?"

"እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነው።"

"ለምን?"

"እኔ እንጃ።"

"ታውቃለህ!"

እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ እጁ ግን ከጸዳ ቆይቷል። "ትፈራሻለች" አለኝ። "እራት ላይ የምታወሪውን ትሰማለች እኮ።"

ተናደድኩ። አሁንም እንደ ተናደድኩ ነኝ። እኔ ያወራሁት ስለ እንግዶች ነው! ከፍለው ስለሚያድሩ፣ ስማቸውን ስለማላውቀው ሰዎች! ሰው ቤቱ ገብቶ ስለ ሥራው አያወራም? እሱ ስለ ተቃጠለ ሞተር ሲያወራ እኛ ሞተር ነን ብለን እናለቅሳለን? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሦስት ወር የደበቀኝ እሱ፣ ጥፋተኛዋ እኔ!

"ሶፍት" ብላ የዋሸችኝ እሱን ላለማስያዝ ነው። ለሱ ስትል ዋሸችኝ። እኔን ያስፈራችኝ ይህች ናት። አይ፣ አስፈራችኝ አይደለም፣ አናደደችኝ።

ረቡዕ 20

ከአባቷ ጋር አንነጋገርም። ጨው ስፈልግ ልጄን አቀብዪኝ እላለሁ።

ዛሬ በሥራ ላይ። ንጹሕ ፎጣ የጫነውን ጋሪ እየገፋሁ በማድረቂያዎቹ መሃል ሳልፍ ድምፅ ሰማሁ። አዲሷ አጣቢ፣ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ነጩ የሥራ ልብሷ ከኋላ ተበላሽቶባታል። ሌላዋ ፎጣ ከልላላት "ቶሎ በይ፣ ካውያ ሳታይሽ ቀይሪ!" ትላታለች።

ካውያ እኔ ነኝ። ስሙን ካወቅኩት ቆይቻለሁ። ግለቴ ነው፣ የተጨማደደ አልወድም፣ እንዲያውም በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅቷ ግን ቁልፉን መፍታት አቃታት። ከጋሪው ጀርባ እንደ ሌባ ቆሜ ቀረሁ። ምን የማደርጋት መስሏት ነው? እበላታለሁ?

አምና እንዲሁ የተበላሸባትን አንዷን ግማሽ ቀን ከሥራ መልሻታለሁ። ያ ለንጽሕና ተብሎ ነው። ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ብሆንም ደንብ ነው።

ሐሙስ 21

ይቅርታ ልጠይቃት ወስኜ ክፍሏ ገባሁ። ካልሲዎቿን ወለል ላይ አየሁ። ስለ ካልሲዎቹ ተቆጥቼ ወጣሁ።

እሑድ 24

ከገበያ ስመለስ አሥራ ሁለቱም ጨርቆች በስፌት መኪናዬ ላይ ተደርድረዋል። ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ በሆቴል አጣጣፍ ታጥፈው። ያን አጣጣፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ በስድስት ዓመቷ። ወርውራቸው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የወረወረን ሰው መቆጣት ይቻላል።

እኔ በመጀመሪያዬ ጊዜ እናቴ የቀሚስ ቅዳጅ በበሩ በኩል ወረወረችልኝ። "ያዥ፣ ለማንም እንዳታወሪ።" አበቃ። ወልጄ እንደ እሷ አልሆንም ብዬ ነበር። ደግሞም አልሆንኩም! እኔ አልወረወርኩም፣ ለክቼ፣ ቀድጄ፣ አይኔ እስኪደክም ሰፍቻለሁ። ለምን ነው ታዲያ ለሁለታችንም ልጆቻችን ፊት የማያዞሩልን?

ይህችን መስመር ልሰርዛት ነበር። ትቆይ።

ሰኞ 25

አንድ ሳምንት ቀረው። ልጄ ደብተር አልገለጠችም።

ከእትዬ ጋር ትልልቆቹን አንሶላዎች አጠፍን። ማጠፍ ለሁለት ነው፤ እሷ ጫፍ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ጫፍ ይዤ እሄዳለሁ፣ መሃል ላይ እንገናኛለን። ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ስለ ባሌ፣ ስለዚያች ባለ መነጽር፣ ስለ መቀርቀሪያው፣ ስለ ምስጋና ቢሷ ልጄ። እትዬ ጫፏን እያስተካከለች ሰማችኝ።

"ምን ትፈልጊያለሽ ብለሽ ጠይቀሻታል?" አለችኝ።

"እናቷ እኮ ነኝ እትዬ! የሚያስፈልጋትን አውቃለሁ።"

"እሱንማ ታውቂያለሽ። ጠይቀሻታል ወይ ነው ያልኩት።"

"ሰፋሁላት አይደል?"

"አልጠየቅሻትም ማለት ነው" ብላ ጫፏን ወደ እጄ ሰጠችኝና ሌላ አንሶላ አነሳች። በንዴት ስጎትተው ከእጇ ወጣ። መሬት ነካ፣ እንደገና ታጠበ።

ሐሙስ 28

ጠየቅኳት።

ከመጠየቄ በፊት በሯ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ካልሲ አለ፣ አላየሁትም። የውሃ ብርጭቆ መስኮቱ ላይ ሻግቷል፣ አላየሁትም።

"ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። ድምፄ አሁንም እንደ ምርመራ ነው። በሌላ ድምፅ መጠየቅ አልችልበትም።

"ራሴ ልምረጥ" አለች።

"ምረጪ። ከአባትሽ ጋር ሂጂ።"

"አባዬ ፋርማሲ ሲገባ ላብ በላብ ይሆናል። ያሳዝነኛል።" ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ውሰጂኝ። ግን አንድ ቃል እንዳትናገሪ።"

"አንድ ቃልስ ምናለበት—"

"አንድም ቃል፣ እማ።"

የገዛ ልጄ ዝም በይ አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን እንደምላት እኔና ግድግዳው እናውቃለን። "እሺ" አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔን ግን ከውስጥ እየነቀዘኝ ነው።

ቅዳሜ 30

በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ፋርማሲው ጠባብ ነው፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከኋላችን የሳል መድኃኒት የሚጠብቅ ሰውዬ። ልጄ ባንኮኒው ጋ ቆመች። አንገቷ ቀልቷል። ሻጯ ገና ሳትጠየቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ያ ነገር ነው?" አለቻት።

ያ ነገር! ጥርሴን ነከስኩ።

"ሞዴስ ነው" አለች ልጄ። ቀስ ብላ ነው፣ ግን ብላዋለች።

ሴትየዋ ትኩር ብላ አየቻት። "ያ ጋራዥ የሚሠራው ሰውዬ ልጅ አይደለሽም? ወይ ጉድ! ያን ቀን አባትሽ ስንት ጥያቄ ጠየቀኝ መሰለሽ! ያማታል ወይ፣ በስንት ሰዓት ይቀየራል፣ መሮጥ ትችላለች ወይ… መልሱን ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈ።"

ይህን አልነገረኝም። የጻፈው ሰውዬ የልጁን የልደት ቀን በየዓመቱ እኔን የሚጠይቅ ሰው ነው። ቀናሁ። እዚህ ላይ መዋሸት አያስፈልግም፣ ቀናሁ።

ሻጯ ደረደረችላት። ቀጭን ባለ ክንፍ፣ ወፍራም፣ ረጅም የሌሊት፣ ትንንሹ ለጀማሪ። ልጄ እያንዳንዱን እሽግ አንስታ ጀርባውን አነበበች፣ ልክ እኔ የሳሙና መመሪያ እንደማነበው። "ሲሮጡ የማይንሸራተተው የትኛው ነው?" አለች። "በሌሊትስ? ለሚያሳክከው ሰውስ?" ሻጯ መለሰችላት፣ እሷም እንደገና ጠየቀች። የሚታጠብም አለ ብላ ሻጯ አንድ ሳጥን አወጣች። ጨርቁን በሁለት ጣቴ ብነካው ውሸታም ጥጥ መሆኑን በእንቅልፌ እናገር ነበር። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ልጄ ሳጥኑን ያዘችው፣ አየችኝ። ጣሪያውን አየሁ። መልሳ አስቀመጠችው።

ቀጭኑን ባለ ክንፍ ለቀን፣ ረጅሙን ለሌሊት መረጠች። እኔ ብሆን ወፍራሙን ነበር። እኔ አልነበርኩም።

ከዚያ ሻጯ እሽጎቹን በጋዜጣ ጠቀለለቻቸው። ጋዜጣውን በጥቁር ፌስታል ከተተችው። ፌስታሉን በሌላ ጥቁር ፌስታል። ሳል ያመመው ሰውዬ ተራው እስኪደርስ ዓይኑን ከፌስታሉ ላይ አልነቀለም።

"ሰርቃ ነው እንዴ?" አልኩ። ወጣብኝ። "ሳሙና ሲገዛ በጋዜጣ ትጠቀልላላችሁ? ጥጥ ሲገዛስ? ምን አድርጋ ነው የሚደበቅላት? አንተስ ምን ታያለህ፣ ሳልህን ሳል!"

"እማ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዝም አልኩ፣ ግን አልቋል። በልቤ ጨረስኩት አልኩ፣ ከእንግዲህ እስክትዳር ፊት አታሳየኝም።

ልጄ ሁለቱንም ፌስታል ፈታች። ጋዜጣውን ቀደደች። እሽጎቹን በእጇ ይዛ ፌስታሎቹን ለሴትየዋ መለሰችላት። "ቦርሳ ይዣለሁ፣ አመሰግናለሁ" አለችና ከተተቻቸው። እኔ ባልጮህም ታደርገው እንደሆነ አላውቅም። ባልጮህ ምናልባት ቀለል ይላት ነበር።

መንገድ ላይ "ቃልሽን አፈረስሽ" አለችኝ።

"አፈረስኩ። ይቅርታ።"

ቆማ አየችኝ። ይቅርታ ስል ሰምታኝ እንደማታውቅ ያኔ ነው ያስታወስኩት። ስለ ፋርማሲው ብቻ የጠየቅኩ እንዳይመስላት ሌላውንም ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ ስለ እራቱ፣ ስለ ጨርቁ፣ ያዢ ስልሽ ያዢ ስላልኳት። መኪና መጣ፣ መንገድ ተሻገርን፣ አልጨመርኩም።

ሰኞ 2

ሄደች።

አብሬሽ ልምጣ ስላት አይሆንም አለች። በሩቁ ተከተልኳት፣ በሌላኛው የመንገድ ዳር፣ ሻርፕ ተከናንቤ። በዚህ ዕድሜዬ ሰላይ ሆንኩ። በአሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ አረፈድኩ።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ወንዶች ተኮልኩለዋል። አንዱ "ሦስተኛ ፎቅ!" ብሎ ተጣራ። እግሬ መንገዱን ሊሻገር ተነሳ። ያን ልጅ በጆሮው ይዤ፣ አባቱን አስጠርቼ፣ አያቱንም ጨምሬ…

ልጄ ቆመች። ዞረች። "አቤት?" አለችው።

ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ጓደኞቹ በሱ ሳቁበት። እሷ ገባች። እኔ ከመብራት ምሰሶው ጀርባ እንደ እብድ ብቻዬን ቆሜ ነበር።

ረቡዕ 4

በችኮላ። የወር አበባዋ በፈተናው መሃል መጣ። ወጣች፣ ቀየረች፣ ተመልሳ ሒሳቡን ጨረሰች። ይህን የነገረችው ለአባቷ ነው፣ እሱ ነገረኝ። አልተቆጣሁም። ትንሽ ተቆጣሁ። በሽንት ቤቱ በሮች ላይ አዳዲስ መቀርቀሪያ ተመትቷል አለች አሉ። ውሃው ገና ነው። ሰኞ እሄድባቸዋለሁ።

አርብ 6

ፈተናው ትናንት አለቀ። ዛሬ ወደ ማታ የታጠበ ልብሷን ይዤ ገባሁ። አልጋዋ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች፣ ሆዷን ይዛ። መድኃኒት ሰጠኋት፣ ዋጠች። ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"እማ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሳትቆጪ።"

"ጠይቂ።"

"አንቺ ልብስሽ ላይ ነክቶብሽ ያውቃል? ማለት… ሰው ፊት?"

"እኔ? አንድም ቀን!" አልኩ።

ከአፌ የወጣው በራሱ ነው፣ ሳላስበው፣ በሥራ ቦታ በምናገርበት ድምፅ። ልጄ "እሺ" አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። በቁጣም አልነበረም፣ በኩርፊያም። እንደምትጠብቀው መልስ ነው የተቀበለችው።

ልብሱን እንደ ታቀፍኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ራሴን በጥፊ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

"ውሸቴን ነው" አልኩ።

አልዞረችም።

"አምና ሰርቪስ ውስጥ ነው። ግራጫውን ቀሚስ ለብሼ። ሠራተኛው ሁሉ እስኪወርድ ድረስ አልተነሳሁም፣ ሾፌሩ ምን ሆነሽ ነው አለኝ፣ ደከመኝ አልኩት። ወንበሩን በሻርፔ ጠረግኩት። ከዚያ ቦርሳዬን ከኋላዬ ይዤ እቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ፣ በውስጥ በውስጡ መንገድ። ለማንም አልተናገርኩም። ለአባትሽም።"

"አባዬ ላይ ስለ ጫማው የጮህሽበት ቀን ነው?" አለች።

"ያን ቀን ነው።"

"እኔም ላይ ጮህሽ።"

"አንቺም ላይ ጮህኩ። ምንም ሳታደርጊ።"

ዞራ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሰው አየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ። "ሌላ ጊዜስ?" አለች።

"ሌላ ጊዜም። ብዙ ጊዜ። ልቁጠር ብል አልጨርሰውም።"

ልታለቅስ ነው ስል ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እያመማት፣ በኔ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስትጨርስ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና በአልጋው ጠርዝ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልብሱን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።